የብዙ ዓመት ምርምር በ3 ደቂቃ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓመተ ምሕረት ዘውድ በጫኑበት በእንጦጦ ተራራ ላይ ዛሬ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ቆሞ ይታያል። የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። በ2007 ዓመተ ምሕረት ከተመረቀ ወዲህ ስለ ከዋክብትና ከሰማይ በሚነሣ ሥዕል ምድርን ስለ መመርመር ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚማሩ ወጣቶች ደክመውበታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት ከቻይና ወደ ሰማይ የወጣችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያይቱ ሳተላይት የምትልከውን ለመቀበል የተሠራው ጣቢያም በዚያው በእንጦጦ ነው።

ነገር ግን የእነዚህ ተማሮች ድካም ለማን ይደርሳል? ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ መምህራን ይመረምሩታል፤ ከዚያም በመጻሕፍት ቤት ይቀመጣል። ስለ ውሃና ስለ እርሻ የሚቈርጠው ሹም ብዙ ጊዜ ሳይሰማው ይቀራል።

በአውስትራልያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አንድ ሥርዓት አቆመ፤ ይኸውም የዶክትሬት ተማሪ ምርምሩን በአንድ ሥዕል ብቻ እየተረዳ በ3 ደቂቃ እንዲያስረዳ ነው። 80,000 ቃል ያለውን ጽሑፍ ተናግሮ ለመጨረስ 9 ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። ሐሳቡ የመጣው ድርቅ ጸንቶ ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ ውሃ እንዳያባክኑ በግድግዳ ላይ የ3 ደቂቃ መቍጠሪያ ይሰቅሉ በነበረበት ዘመን ነው። ውሃን ለመቈጠብ የታሰበው ቃልን ለመቈጠብ ዋለ።

ይህ ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲያወጣና ሲያወርድ ውሎ በመምህሩ ፊት የሚያሰማው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሰሙና ወርቁ ያልተስማማ እንደ ሆነ የቃል ብዛት አያድነውም።

አንድ ሥጋት ግን አለን። በጥቂት ደቂቃ የሚናገር ሰው አንደበቱ ያማረ እንደ ሆነ ጥርጣሬውን ትቶ እርግጡን ብቻ ሊያሰማ ይችላል። ስለዚህ ሽልማቱ ለአንደበት እንዳይሆን፤ ከንግግሩ በኋላ ስላልተረጋገጠው ነገር መጠየቅ ይገባል። ጠያቂዎቹ ሹማምንትም ሰዓቱ ቢቈጠርባቸው መልካም ነው፤ በጉባኤ ላይ ከተማሪ ይልቅ ሹም እንደሚያስረዝም የታወቀ ነውና።

እንግዲህ በዓመት አንድ ቀን በእንጦጦ እንዲህ ያለ ጉባኤ በአማርኛ ይደረግ ዘንድ እንለምናለን። የውሃና የእርሻ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ይጠሩ፤ የሰማይን ዑደት በባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናትም ይገኙ። ወጪው ከአንድ አዳራሽና ከአንድ ሰዓት መቍጠሪያ ብዙ አይበልጥም።