ስለ ግስ አመራረጥ ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚያወጣው መንገድ ዳርና ዳር ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የምረቃ ወራት በተቃረበ ቁጥር በተማሪዎች ሲጨናነቁ፣ ደጋግሜ የማየው እርማት በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም የሠፈረው «ግሱ ተደጋግሟልና ይለወጥ» የሚለው ትእዛዛችሁ ነው። ተማሪውም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲተላለፍ የኖረውን የግስ ዝርዝር አውጥቶ፣ በአንደኛው መስመር «ገለጸ»፣ በሁለተኛው «ጠቆመ»፣ በሦስተኛው «አረጋገጠ» እያለ ያፈራርቃል። ምንጩን ግን መልሶ የሚገልጥ የለም።

ለጋዜጣ ሐተታ ቢሆን ባልተከራከርኋችሁ፤ በጥናት ጽሑፍ ግን እነዚህ ግሶች በመልክ ቢቀራረቡም በሚሸከሙት የምስክርነት ክብደት እጅግ ይራራቃሉ። «ጠቆመ» ፍንጭ ሰጥቶ ያልፋል፤ «ተከራከረ» ባላጋራ መኖሩን ያስታውቃል፤ «አረጋገጠ» ግን ነገሩ ተመርምሮ ጥርጥሩ ተወግዷል ብሎ ጠቃሹን ራሱን ዋስ ያደርገዋል።

አንድ አጥኚ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ፣ ጥቂት ሸማኔዎችን «ወገባችሁን ያማችኋልን?» ብሎ ጠይቆ «አዎን» የሚል መልስ አገኘ እንበል። ይህ ሸማኔዎቹ ተናገሩ ከማለት አያልፍም። ሁለተኛው ተማሪ ያንኑ ሲጠቅስ፣ «ተናገረ» የሚለው ቃል ከላይ ስላለቀበት፣ ጥናቱ ሽመና የወገብ ሕመም እንደሚያስከትል «አሳየ» ይላል፤ ሦስተኛውም የሁለተኛውን ብቻ አንብቦ «አረጋገጠ» ብሎ ያስጠርዛል። ሐኪም ሳያያቸው፣ ከሌላ ሙያ ሠራተኞች ጋር ሳይነጻጸሩ፣ አንድ «አዎን» ማስረጃ ሆኖ ተቀመጠ፤ ያውም መደጋገምን ለመሸሽ ሲባል! በግእዝ «ጠየቀ» መረመረ፣ እርግጡን ዐወቀ ማለት ነው፤ ያ አጥኚ እንግዲህ በአማርኛው ጠየቀ እንጂ በግእዙ አልጠየቀም።

ግእዝን ካነሣን አይቀር፣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሠውተውበት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ይህም ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እንደሚተላለፈው ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ነበር፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ተቀባይ መዝኖ ነው የተቀበለው።

ስለዚህ «ይለወጥ» ብላችሁ ከማዘዛችሁ አስቀድሞ፣ ተማሪው የጠቀሰውን ገጽ ይዞ እንዲቀርብ ጠይቁት። ደራሲው ያለው «ሊሆን ይችላል» ከሆነ «ገመተ» ብሎ ይጻፍ፤ ዐሥር ጊዜም ቢሆን «ገመተ» ይበል። ዝርዝር ማደል ካስፈለገም ከ«ገመተ» እስከ «አረጋገጠ» በምስክርነት ክብደት ተደርድሮ ይታደል፤ የሰው ጥቅስ ሲጠቀስም «እገሌ እንደ ጠቀሰው» የምትለው ሐረግ አትቀር።

ከአክብሮት ጋር፤
ከጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ