ቁልቁለት የማያጠነክረው ጡንቻ

ደካማ እግር በሥራ ይጠነክራል የሚለው እምነት በደጋው ሕዝብ ዘንድ ተከራካሪ የለውም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት በጎንደሩ የቁስቋም ከፍታ ዙሪያ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በመሆኑ፣ እየተደናቀፈ የሚወድቅ ልጅ ሰነፍ ተብሎ «ይልመደው» እየተባለ ይበልጥ እንዲሮጥ ይገደዳል። ምክሩ ለጤነኛ ልጅ አይከፋም፤ በዘር የሚተላለፍ የጡንቻ ሕመም ላለበት ግን ጉዳት ነው።

ጤነኛ ጡንቻም ቢሆን ሲሠራ ይጎዳል። በተለይ ቁልቁለት ሲወረድ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ስለሚገታ፣ ፊላሚንን የመሰሉ አያያዥ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይስታሉ። ያን ጊዜ ባግ3 የተባለው ፕሮቲን ከሌሎች ረዳት ፕሮቲኖች ጋር፣ ማለትም በጫና ጊዜ የተጣመመውን ከሚያቃኑት ወይም ለመወገድ ከሚያደርሱት ጋር፣ ተባብሮ የተበላሸውን ያስወግዳል፤ ህዋሱም ምትኩን ይሠራል። ሥራ ያጠነክራል የሚባለው ይህ ጥገና እስካለ ድረስ ነው። በባግ3 ዘረመል ላይ አንዲት ስህተት ስትፈጠር እንኳ በልጅነት የሚጀምርና ልብንም የሚያጠቃ ከባድ ሕመም ሊከተል ይችላል።

በዘር ከሚተላለፉት የጡንቻ ሕመሞች በይበልጥ የሚታወቀው ዱሼን የተባለው ከሞላ ጎደል ወንዶችን ብቻ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተሰየመው ዲስትሮፊን፣ የጡንቻ ህዋስን ውስጣዊ አውታር ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ ስለሚጎድል ሽፋኑ በጫና ይቀደዳል፤ ካልሲየም ያለልክ ገብቶ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ረዳት ፕሮቲኖቹ ቢረባረቡም ጥገናው ከጉዳቱ እኩል መራመድ ስለሚያቅተው የጡንቻው ቦታ ቀስ በቀስ በጠባሳና በስብ ይያዛል። ባቱ ግን ወፍሮ ስለሚታይ ልጁ ብርቱ ይመስላል፤ ሆን ብሎ ይሰንፋል ተብሎ የሚፈረድበትም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ልጅ ጨርሶ ማስቀመጥም አይበጅም፤ ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ ለጥ ባለ ሜዳ በልክ መራመድና ማሳሳብ ያስፈልጋል፤ ስቴሮይድም የመራመጃ ዓመታትን ያራዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረችው በጎንደር ግን ቀድሞ መታወቅ ያለበት ምልክቱ ነው፦ ልጁ ከመሬት ሲነሣ እጆቹን በጉልበቱና በጭኑ ላይ እየደገፈ፣ በገዛ አካሉ ላይ እንደሚወጣ ሆኖ ይቆማል። ይህን ያየ መምህር ከሩጫው አውጥቶ ለሲኬ ምርመራ እንዲላክ ማድረግ ይገባዋል፤ ሲኬ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ሲሆን በዱሼን ከጤነኛው መጠን በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይገኛል። የጉበት ናቸው የሚባሉት ኢንዛይሞችም ከጡንቻው አብረው ስለሚፈሱ፣ ሲኬ ያልታዘዘለት ልጅ የጉበት ሕመምተኛ ተብሎ ሊመለስ ይችላል።