መንገዱ ተጠገነ፤ ቦዩን ማን አየው?

ክረምት ሲቃረብ የሲሚንቶ ነጋዴውም ደላላውም አንድ ጥያቄ ያበዛሉ፤ «መንገዱ ያሳልፋል ወይ?» የሚል። ፋብሪካው የፈለገውን ያህል አቅም ቢኖረው፣ የኖራ ድንጋዩና ጀሶው ከተቆፈረበት ካልመጣ ከመጋዘን የሚወጣ ኩንታል አይኖርም። ስለዚህም የማዕድን መንገድ «ተጠገነ» ሲባል ገበያው እፎይ ይላል። ምኑ እንደተጠገነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአባይ በረሃን እንውሰድ። ለሲሚንቶ የሚሆን ጀሶ ከዚሁ ሸለቆ ይቆፈራል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘው መንገድ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ታድሶ፣ አዲሱ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። መሬቱ ግን መንሸራተቱን አላቆመም። በ2010 የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው መንሸራተቱን ራሱን ወደ ማጥናት ገቡ።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ተዳፋት የሚቆመው አፈሩን አያይዞ የሚይዘው ኃይል ወደ ታች ከሚጎትተው ሲበልጥ ነው። መሐንዲሶች የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላሉ፤ ውጤቱ 1 ከሆነ ተዳፋቱ ለመናድ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል ማለት ነው። ለዘለቄታው የሚፈለገው 1.3 ወይም 1.5 ነው። በበጋ 1.3 የነበረው ተዳፋት ውሃ ሲሰርግበት ይከብዳል፤ የውሃው ግፊትም የአፈሩን መያያዝ ያላላዋል፤ ቁጥሩ ወደ 1 ይወርዳል። ከላይ ያለው ቦይ በደለል ሲሞላ ወይም ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ሲደፈን የሚሆነው ይኸው ነው። ናዳ ሲወርድ ግርጌውን በዶዘር ጠርጎ መንገድ መክፈትም አደጋ አለው፤ የወረደው አፈር የላይኛውን ደግፎ ይዞት ሊሆን ይችላልና።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2013 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የቢንግሃም ካንየን የመዳብ ማዕድን ግድግዳ ተንዶ ወደ 145 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አፈርና ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ኩባንያው የግድግዳውን እንቅስቃሴ በራዳር ይከታተል ስለነበር ሠራተኞቹን አስቀድሞ አስወጣ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ከባድ ማሽኖችና የጉድጓዱ መንገድ ግን ተጎዱ።

ሒሳቡን በነጋዴ ቋንቋ እንየው። በቀን 20 መኪና እያንዳንዱ 30 ቶን ያመላልሳል እንበል። መንገዱ ለ10 ቀን ቢዘጋ 6,000 ቶን ቀረ። የመኪናው የባንክ ዕዳ ግን አይቆምም፤ ሾፌሩም ደመወዙን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከኩንታሉ ዋጋ ላይ ይደመራል።

ስለሆነም የጥገና ውል የሚፈርም የማዕድን ባለቤት ሦስት ነገር ሊያስገባበት ይገባል። አንደኛ፣ የመጨረሻው ርክክብ መንገዱ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ይሁን፤ ከተቋራጩ የሚያዘው መያዣም እስከዚያ አይለቀቅ። ሁለተኛ፣ ቦይና ቱቦ ለመጥረግ ራሱን የቻለ በጀት ይመደብ፤ ሥራውም ከሰኔ በፊት ይለቅ። ሦስተኛ፣ አጠራጣሪ ተዳፋት ላይ ችካል ተተክሎ እንቅስቃሴው በየሳምንቱ ይለካ።

ተቋራጮች «ይህ ዋጋ ያስወድዳል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ክፍያው የሚዘገይ ሥራ ተወድዶ ነው የሚቀርበው። ነገር ግን በርካሽ ተጠግኖ በየዓመቱ እንደገና የሚጠገን መንገድ ከዚህ የባሰ ውድ ነው፤ ልዩነቱ ሒሳቡ በጭነት ዋጋና በኩንታል ውስጥ ተደብቆ መምጣቱ ብቻ ነው።

በማዕድን ሥራ አክሲዮን ሊገዛ ያሰበ ሰውም የክምችቱን መጠን ከመጠየቁ ጎን ለጎን በሐምሌ ወደ ቦታው ወርዶ ውሃው የት እንደሚሄድ ቢያይ ይበጀዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሳይቃጠል በቅጠል!