«ስንት ፈረስ?» ብቻ አይጠየቅም

ልደታ አካባቢ ማታ መንገዱ ጭር ሲል የሚሰማውን የማርሚታ ጩኸት የማያውቅ ጎረቤት ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ደግሞ ወጣቶቹ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆመው የሚከራከሩት የማን መኪና ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። በዚህ ሰሞን አንዲት አያት፣ «ሲስተር፣ የልጅ ልጄ የመኪናውን የኋላ ወንበር ነቅሎ በረንዳ ላይ አቆመው። ብጠይቀው ‹ክብደት እየቀነስኩ ነው› ይለኛል፤ ምን ነክቶት ይሆን?» አሉኝ። ምንም አልነካውም፤ ነገሩ ስሌት አለው።

«ድራግ» የሚባለው ውድድር ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራላቸው ተነሥተው በቀጥታ መንገድ 402 ሜትር፣ ማለትም ሩብ ማይል የሚሽቀዳደሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና ላይ ሲጀመር ቦታው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ነበር። (ቦሌ ሳይከፈት ከልደታ በአውሮፕላን የተሳፈራችሁ፣ ምን ያህል ሜዳ እንደሚፈልግ ይገባችኋል።) በማግስቱ ዓመት አሜሪካኖቹ ማኅበር አቋቋሙ። ማን ከማን ጋር ይግጠም የሚለው ጭቅጭቅ የተፈታው እንዲህ ነው፤ የመኪናው ክብደት ለፈረስ ጉልበቱ ይካፈላል፣ ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው አንድ ምድብ ይገባሉ።

ለነርስ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፓራሲታሞል ለሕፃን የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 መሆኑ ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝነው ደግሞ እጥፉ። ኪሎው ሳይታወቅ «ስንት ሚሊ ግራም?» ማለት ትርጉም የለውም። (ባለ 500ውን የአዋቂ ኪኒን ለሁለት ሰብረው ለሕፃን የሚሰጡ አያቶች ዛሬም አሉ። እባካችሁ ተዉ፤ ለዚያ 10 ኪሎ ልጅ ግማሹም እጅግ ብዙ ነው።)

መኪናውም እንደዚሁ ነው። ባለ አንድ ሺህ ሲሲዋ ቪትዝ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷን 900 ኪሎ እንበል። ሹፌሩ 70 ኪሎ ቢመዝን ለአንዱ ፈረስ 14 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ባለ 371 ፈረሱ ሲኖ ትራክ በጉልበት አምስት እጥፍ ይበልጣታል፤ አሸዋ ጭኖ 30 ቶን ቢሞላ ግን አንዱ ፈረስ 81 ኪሎ ይጎትታል። ከመብራት ሲነሡ ማን እንደሚቀድም ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ማየት ነው።

እንግዲህ ወንበሩን ወደ ነቀለው ልጅ እንመለስ። ወንበሩ፣ ስኮርታውና ክሪኩ ቢወጡ 40 ኪሎ ይቀነስ ይሆናል። ተወዳዳሪዎቹ በሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት ቪትዝ ሩብ ማይሉን በ18 ሰከንድ ገደማ ትጨርሳለች፤ 40 ኪሎ መቀነስ የሚያተርፈው ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። ያውም በውድድር ሜዳ እንዲህ መጣደፍ ግድ አይደለም። እያንዳንዱ በስንት ሰከንድ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚናገርበት፣ ቀርፋፋው ቀድሞ የሚለቀቅበት፣ ከተናገረው ሰዓት ፈጥኖ የገባው የሚሸነፍበት ዓይነት ውድድርም አለ። የአያት መኪናም ልታሸንፍ ትችላለች።

እኔን የሚያስፈራኝ መነሻው ሳይሆን መድረሻው ነው። ያቺው ቪትዝ 402 ሜትሩን ስትጨርስ ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ሲያድግ በግጭት ጊዜ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ኃይል እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ከ100 ሜትር በላይ ይሄዳል። የውድድር ሜዳ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ለመቆሚያ ብቻ የተተወ ረጅም መንገድ አለው፤ በአሜሪካኖቹ ደንብ ከ14 ሰከንድ በታች የሚገባ ደግሞ ያለ ራስ ቁር አይነዳም። የእኛ ሰፈር መንገድ ጫፍ ላይ ያለው ግን ዜብራ ነው፤ የሚሻገሩት ደግሞ ከሥራ አምሽተው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። በዓለም ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ተናግሯል። ድንገተኛ ክፍል ለሠራን ሰዎች ይህ ቁጥር ብቻ አይደለም።

ታዲያ ልጁን በጩኸት ማስቆም የሚቻል አይመስለኝም። ሊብሬው ይምጣ፤ የሞተሩ ጉልበትና ክብደቱ እዚያ ላይ ተጽፏል። ቡና ተፈልቶ ልጁ ራሱ ያካፍል። መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ አራት ጓደኞቹን ጭኖ። 14 የነበረው 18 ይሆንበታል። በጅማ መንገድ ለሠርግ ሲሄዱ ባዶዋን መኪና እያሰበ ጭነት መኪና ለመቅደም የወጣ ልጅ፣ ከፊት የሚመጣው ሳይደርስበት መመለስ የሚያቅተው በዚህች ልዩነት ነው። ይህን ስብከት ሳይሆን ሂሳብ ስለሆነ ይሰማል።

ወንበሩ ግን ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ፤ ከነቀበቶው። ከኋላ ሳይታሰር የተቀመጠ ሰው በግጭት ጊዜ ተወርውሮ የፊተኛውንም ይገድላል። እስኪመለስ ድረስ እዚያ መኪና ኋላ ፍራሽ ተነጥፎም ቢሆን ሕፃን አይሳፈር።