መቶኛ ውል አይሆንም

በከተማ ዳር ባለች ትንሽ ቦታ ላይ ቤት የምታሠራ እናት ከግንበኛው ጋር እንዴት እንደምትዋዋል ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀብድ ትሰጣለች። መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ኮለኑ ቆሞ ሶሌታው ሲሞላ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲመታ ይህን ያህል ትከፍላለች፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትረከብ። ግንበኛው መጥቶ «እትዬ፣ ቤቱ እኮ 65 በመቶ ደርሷል፤ ሂሳብ ይለቀቅልኝ» ቢላት መልሷ አንድ ነው፦ «ጣሪያው የታለ?»

ይህች እናት የውል አስተዳደር የሚባል ሥልጠና አልወሰደችም። ነገር ግን በቢሊዮን ብር የሚዋዋሉ ተቋማት የሳቱትን ታውቃለች። በውል ውስጥ የሚጻፍ ግብ በዓይን የሚታይ፣ «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» የሚባል ነገር መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል ሌላ መልስ የለም።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ፕሮጀክቶች የሚናገሩት ቋንቋ ግን መቶኛ ነው። መንገዱ 48 በመቶ፣ ፋብሪካው 72 በመቶ፣ የዓመቱ ዕቅድ 97 በመቶ። ከምን ላይ 72? ማን ለካው? የቀረው 28 ምንድን ነው? ጠያቂ የለም። ዜናው ይነበባል፣ ጭብጨባው ይጨበጨባል።

ትልቁን ምሳሌ ሁሉም ያውቀዋል። የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል በአምስት ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ነበር። የሲቪል ሥራውን ሳሊኒ፣ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራውን ሜቴክ ያዙ። ሁለቱ ቀዳሚ ተርባይኖች ቀድመው ኃይል ያመነጫሉ ተብሎ በተደጋጋሚ ተነገረ። ቀኑ መጣ፣ አለፈ። ሌላ ቀን ተነገረ፤ እሱም አለፈ። ቀኑ በማለፉ ተጠያቂ የሆነ አካል በአደባባይ አልታየም። መቶኛው ግን ማደጉን አላቆመም፤ በ2010 ዓ.ም. ከ60 በላይ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን ለሕዝብ ተናገሩ። ሥራውም ከሜቴክ ተነጠቀ።

60 በመቶ የደረሰ ግድብ አንድ አምፖል የማያበራው እንዴት ነው? ምስጢር የለውም። መቶኛ ሁሉንም ሥራ በአንድ ድስት ይቀቅላል። ኮንክሪቱ በደንብ እየሄደ ከሆነ የተርባይኑ መቆም በአማካዩ ውስጥ ይደበቃል። በጎበዙ ተቋራጭ ጀርባ ሰነፉ ታዝሎ ይሄዳል። «የመጀመሪያው ተርባይን በዚህ ቀን ይዞራል፤ ካልዞረ ሥራው ለሌላ ይተላለፋል» የሚል አንድ መስመር ተጽፎ ቢከበር ኖሮ ችግሩ ሰባት ዓመት ሳይጠብቅ በታወቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ሥራው ለጂኢ ሃይድሮ ፍራንስና ለቮይት ሃይድሮ ሻንጋይ ተከፋፍሎ ተሰጠ፤ የተርባይኑ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ወረደ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። አምስት ዓመት የተባለው ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ። ግድቡ የሕዝብ ድል ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ከወር ደመወዙ እየተቆረጠ ቦንድ የገዛው ሠራተኛ የዘገዩትን ዓመታት ዋጋም ከፍሏል። ድሉ የውሉን ድክመት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

ግድቡስ ተጠናቀቀ። ያዩ ግን አልተጠናቀቀም። በድንጋይ ከሰል ዩሪያ ያመርታል የተባለው የማዳበሪያ ፋብሪካም በሜቴክ እጅ ነበር፤ ውሉ ፈረሰ፣ ፋብሪካው ቀረ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 ዓ.ም. 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ይመረታል ተብሎ ነበር፤ አገሪቱ ግን ስኳር ከውጭ ማስገባቷን ቀጠለች። ገበሬው ማዳበሪያ፣ ነዋሪው ስኳር ሲጠብቅ የደረሰው መቶኛ ብቻ ነው።

«ውሉ ውስጥ እኮ የመዘግየት ቅጣት አለ» የሚል ይኖራል። አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1889 ተዋዋዮች የጉዳት መቀጫን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ግን በመንግሥት ግዥ የተለመደው መቀጫ ላልተፈጸመው ሥራ በቀን ከሺህ አንድ ነው፤ ጣሪያውም ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ስሌቱን ማንም ይሥራው። ምንም ያላስረከበ ተቋራጭ በ100ኛው ቀን ጣሪያውን ይነካል። ከ101ኛው ቀን ጀምሮ መዘግየት ዋጋ የለውም! ለአሠሪው የሚቀረው ውሉን ማፍረስ ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም ኃላፊ በራሱ ዘመን እንዲሆን አይፈልግም። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻጻፋል፣ ጊዜ ይራዘማል፣ መቶኛው ያድጋል። በመጨረሻው ቀን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቅጣት የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቅጣቱ በየምዕራፉ ቢሆን ግን ሕመሙ ገና በጠዋት ይታወቃል።

ሁለተኛው ሰበብ የውጭ ምንዛሪና የወሰን ማስከበር ነው። ይህ ሰበብ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ኤልሲ ያልተከፈተለት ተቋራጭ ዕቃ ከየት ያምጣ? ባለይዞታው ካሣ ሳይከፈለው መንገዱ በየት ይለፍ? መፍትሔው ግን ግብን መተው አይደለም። የአሠሪውን ግዴታም በቀን መጻፍ ነው። «ኤልሲው በዚህ ቀን ይከፈታል፤ መሬቱ ከይገባኛል ነፃ ሆኖ በዚህ ቀን ይተላለፋል» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ማን እንዳዘገየ ክርክር አይኖርም። አንዱን ወገን ብቻ የሚያስር ውል ለሌላው ማምለጫ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ሰበብ «የእኛ አገር ሁኔታ ለእንዲህ ዓይነት ጥብቅ ውል አይመችም» የሚለው ነው። ይህ ሐሰት ነው፤ ማስረጃውም ከራሱ ከመንግሥት ይገኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የአራት ዓመት ብድር ሲያጸድቅ ወዲያው የለቀቀው 1 ቢሊዮን ገደማውን ብቻ ነው። የቀረው በየግምገማው የሚለቀቅ ነው። የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ ይህን ያህል ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ አበድሯል ወይስ አላበደረም? «በ80 በመቶ አላበደርንም» ብሎ መልስ የለም። በብድሩ ቅድመ ሁኔታዎች የሚስማማም የሚቃወምም አለ፤ አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። ታዲያ ተበዳሪ ሲሆን በየምዕራፉ መለካትን የሚችል መንግሥት፣ ከፋይ ሲሆን ለምን ያቅተዋል? አበዳሪው ለራሱ ገንዘብ የሚጠነቀቀውን ያህል ለግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚጠነቀቅ ማን ነው?

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። የኢትዮጵያ ድርሻ 40 በመቶ፣ የግንባታው ጊዜ 40 ወር ተብሏል። መልካም ነው። ግን 40 ወር አንድ ቀን ነው፤ እሱም የመጨረሻው። በ10ኛው ወር ምን ይታያል? በ20ኛው ወር የትኛው ማሽን ቦታው ላይ ይተከላል? ከሁለቱ ወገን ግዴታውን የሳተ ምን ያጣል? ያዩን ያየ ገበሬ ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በዓይን የሚታይና የሚፈተን ነገር ይሁን፤ «ተርባይኑ ዞረ»፣ «ድልድዩ መኪና አሳለፈ»። ሁለተኛ፣ ርክክቡን የሚያረጋግጠው ከሠሪውም ከአሠሪውም የማይወግን መሐንዲስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ክፍያ ምዕራፉን ይከተል፣ አይቅደመው። አራተኛ፣ ግቡ ሲቀየር የቀድሞው ቀን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቅር፤ ትናንት የተባለው እንዳልተባለ አይሁን። አምስተኛ፣ የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ውል ምዕራፎቹ ለሕዝብ ይነገሩ።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ውል ማለት በአማርኛ ስምምነት ብቻ አይደለም፤ የልቃቂት ክር ጫፍም ውል ነው። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት የቱንም ያህል ቢተልቅ ከመወሳሰብ በስተቀር ልብስ አይሆንም። ነገ በቴሌቪዥን «ፕሮጀክቱ 65 በመቶ ደርሷል» ሲባል እያንዳንዱ ሰው ያችን ቤት የምታሠራ እናት ያስታውስ፤ ጥያቄዋንም ይጠይቅ፦ ጣሪያው የታለ?