በጓሯችሁ ማን ይቅደም?

በዚህ ዕትም ዓምዳችን ከሳሎን ወጥቶ ጓሮ ይገባል። ምሳሌያችንን የወሰድነው ከአዊ ዞን፣ ከጥርባ፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ ነው፤ ደጋ የምትኖሩ ሁሉ ግን የራሳችሁን ቤት ታዩበታላችሁ።

ባልና ሚስት «ጓሮ ምን ብንተክል ይሻላል?» ብለው ሲነጋገሩ ጉዳዩ የአትክልት ብቻ ይመስላል። አይደለም። ጓሮ አመድና ፍግ ለዓመታት ሲደፋበት የኖረ ጥቁር አፈር ነው፤ ለቤትም ለውሃ ጉድጓዱም ቅርብ ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ የባል ነጭ ሽንኩርትና የሚስት ጎመን ይገናኛሉ። ሽንኩርቱ ገበያ ወጥቶ ብር ያመጣል፤ ጎመኑ ድስት ይገባል። ብር ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱ ይረታና ጎመኑ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ይገፋል። እዚያ ደግሞ አያድግም። ከዚያ በኋላ ሚስት ጎመን ከገበያ ትገዛለች፤ ለመግዣውም ባሏን ትጠይቃለች።

ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ለምን እንደተመኘው ታስታውሳላችሁ? ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ፣ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር (1ኛ ነገሥት 21)። ባሎችን ሁሉ አክዓብ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ቅርብ መሬት እንደሚያስጎመጅ መጽሐፍ ያውቀዋል።

እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦ ለጉድጓዱ ቅርብ የሆኑት መደቦች በመጀመሪያ ለድስቱ ይለዩ። የተረፈው ለሽንኩርት ይሁን። ሽንኩርቱ ከመተከሉ በፊት ደግሞ ማን እንደሚሸጠውና ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ሁለታችሁም ተነጋገሩ። ከገበያ መልስ የሚደረግ ንግግር ብዙ ጊዜ ወደ ጭቅጭቅ ይሄዳል።

ለድስቱ ከተለየው መሬት ቀዳሚው ስፍራ ለሐበሻ ጎመን ይገባዋል። የአገራችን ተክል ነው፤ ብርዱን ይችላል። ከሥር ከሥሩ ያሉትን ቅጠሎች እየቀነጠባችሁ ጫፉን ከተዋችሁለት ለወራት ይመግባችኋል። አባቶች «ጎመን በጤና» ያሉት በድህነት ለመጽናናት ቢሆንም፣ ጤናው በእርግጥ ጎመኑ ውስጥ አለ። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ለሕፃናት ዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን «ኤ» ይሰጣል፤ ጥቂት ዘይት ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። ብቻ እህቶች፣ እስኪጠቁር አትቀቅሉት!

ካሮት በዚሁ ረገድ የጎመን ወንድም ነው፤ ልጆችም ጥሬውን በደስታ ይበሉታል። ዘሩ እዚያው በሚያድግበት መደብ ይዘራል፤ ችግኙ ሲዛወር ሥሩ ይጣመማልና። ትኩስ ፍግ ያለበት አፈርም ሥሩን እንደ ሹካ ይከፋፍለዋል፤ የበሰለ ፍግ ተጠቀሙ። ቀይ ሥር ግን በአዊ ደጋ ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ዝናብ የበዛበት ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ነው። የምድጃ አመድ በመጠኑ አፈሩ ውስጥ ብትቀላቅሉበት ይረዳዋል። ቅጠሉንም አትጣሉት፣ እንደ ቆስጣ ይበላል።

ቲማቲምና ቃሪያ ለሚወዱ፦ ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ዳንግላ የሚሆነው ቲማቲም እንጅባራ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያገኘዋል። ጎረቤት ስለተከለ ብቻ አትትከሉ።

ድንችስ? ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት ይህ ባለውለታ ቦታ ይፈልጋል፤ ወደ ማሳ ይሂድ። ድንች በተነሣበት መደብም ወዲያው ቲማቲም አትትከሉ፣ ሁለቱ በሽታ ይዋዋሳሉ።

የሚቀረው የውሃው ነገር ነው፤ እውነተኛው ጥያቄም ያለው እዚህ ነው። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም ከጉድጓድ የሚቀዳው ማን ነው? እንጀራ የጋገረችው፣ ሕፃን ያዘለችው ሚስት ብቻ ከሆነች ጓሮው በረከት ሳይሆን ሸክም ይሆንባታል። ወንድሞች፣ ገመዱን ያዙ። አዳምም የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ገነትን ማበጀትና መጠበቅ ነበር፤ ያኔ ሚስት እንኳ ገና አልነበረችውም።

ሸክሙን የሚያቀል ዘዴም አለ። በዳንግላ ወረዳ በደንገሽታ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው አፈሩን ደጋግሞ ሳይቆፍሩ፣ በሣር ጉዝጓዝ ሸፍነው በጠብታ መስኖ አትክልት አልምተዋል፤ ውሃም ተቆጥቧል። የጠብታ ቧንቧው ባይኖራችሁ ጉዝጓዙ አይቸግራችሁም፤ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይበቃል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ፣ ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩን።

ለዘር የሚሆኑ ሁለት ሦስት ጠንካራ የጎመን እግሮች ሳትቀነጥቡ አስቀሩ። አብበው ፍሬው ሲደርቅ አራግፋችሁ፣ በጨርቅ ቋጥራችሁ፣ ጢስ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ከአንድ ቤት የሚተርፍ ነውና በዚህ ዓመት ከጉባኤያችሁ ለተጋቡት ጥንዶች ቆንጥራችሁ ስጧቸው፤ ለባልም ለሚስትም፣ ሁለቱም ባሉበት።