መብራት ሄደ፣ ፋይሉም አብሮ ሄደ!

ከጉደር ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት አምቦ ከተማ፣ አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሄድ የመሬት አቤቱታ ያስጽፋሉ። እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ። አምስተኛው ገጽ ላይ እንደደረሱ መብራቱ እልም! ልጅቷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አባባ፣ ጽሑፉ ሄደ!»

«የት ነው የሄደው ልጄ?» አሉ አዛውንቱ።

ምን ትመልስ? ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ነገ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ጥፋቱ የማነው? የመብራት ኃይል እንበል? እንበላ! በ2006 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አመንጪና አከፋፋይ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። እሰየው፣ ከኪሳችን አዋጥተን የሠራነው ነው። ዳሩ ግን ግድብ ስለተመረቀ የሰፈራችን ትራንስፎርመርና ያዘመመ ምሰሶ አይታደስም። ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ ሰማይ ሲያጉረመርም ሻማ የማይፈልግ ቤት ካለ ያሳዩኝ።

ቢሆንም እርግማን የጠፋ ገጽ አይመልስም። ኮምፒውተር የምንጽፈውን «ሴቭ» እስክንለው ድረስ የሚይዘው ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ማኅደሩ ባዶ ይቀራል። ሃርድ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ሳለ ከተቋረጠ ደግሞ የቆየውም ፋይል ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ ሲመለስም አንዳንዴ ከ220 ቮልት አሻቅቦ ይመጣና ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥለዋል።

መድኃኒቱ ዩፒኤስ ነው። ባትሪ ስላለው ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በወጉ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ብዙ ሰው ግን ስታቢላይዘር ገዝቶ ዳንኩ ይላል። ስታቢላይዘር ቮልት ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ያለውም ሌዘር ፕሪንተሩን ይሰካበታል፣ ወይም ባትሪው ከሞተ ዓመታት ያለፈውን ሣጥን ጠረጴዛ ሥር ታቅፎ ይኖራል። በየደቂቃው «ሴቭ» ማለት እኮ በነፃ ነው!

በልጅቷ አልፈርድም፤ የቤት ኪራይና ግብር አንቆ ይዟታል። እኔን የሚያበግነኝ የሰው ይዞታ፣ የልደት መዝገብና የተማሪ ውጤት ይዞ «መብራት ሄዶ ፋይሉ ጠፋ፣ ነገ ተመለስ» የሚል ቢሮ ነው። ጎበዝ፣ ቅጂ ያላስቀመጠ ሹም በምን አፉ ነው መብራት የሚከሰው? ኮምፒውተር ሲገዛ ዩፒኤስ አብሮ ይገዛ፤ ለባትሪ መለወጫ በጀት ይያዝለት፤ በየማታው ቅጂ ወስዶ ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ በስሙ ይታወቅ። ፋይል ከጠፋም ባለጉዳዩ ሳይሆን ቢሮው ይመላለስ።

አዛውንቱስ? ልጅቷ ከጎረቤት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ተውሳ እንደ አዲስ ጻፈችላቸው። ሁለተኛ ሒሳብም አልጠየቀቻቸውም። ማተሚያው ግን መብራት ይፈልጋልና፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ደጃፏ ላይ ቁጭ አሉ።